ባቡርና እንፋሎቱ፦ አንድ የአውሮፓ ቃል አቃቂ የደረሰበት መንገድ

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ሁለት የውሰት ቃላት የአካባቢውን ታሪክ ተሸክመው ይኖራሉ። አንዱ «ባቡር»፣ ሁለተኛው «ፋብሪካ» ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል የሐዲዱ ጫፍ አቃቂ ነበረ ማለት ነው። በኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የመለዋወጫ ዕቃና የምግብ ፋብሪካዎች በአካባቢው እየተተከሉ ሄዱ። ስለዚህ ባቡርና ፋብሪካ ለአቃቂ ሰው ከመዝገበ ቃላት የሚፈለጉ ቃላት አይደሉም፤ የእንጀራው ስሞች ናቸው።

የሁለቱ ቃላት መነሻ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ አንድ ነው፤ «ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው» ይባላል። ብዙ ጊዜም «በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን» የሚል ማብራሪያ ይታከልበታል። መልሱ ስለ ፋብሪካ ሲሆን በከፊል ያስኬዳል፤ የቃሉ መልክ ጣሊያንኛ ነውና። ስለ ባቡር ሲሆን ግን አያስኬድም። ባቡር ሥሩ ከላቲን ቢመዘዝም፣ ወደ እኛ የመጣው ከወረራው በፊት፣ በሌላ ሰው አፍና በሌላ በር ነው።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? አንድን ቃል ማን እንዳቀበለን መናገር፣ ሕዝባችን ከማን ጋር ሲገበያይ፣ ሲጓዝና ሲነጋገር እንደኖረ መናገር በመሆኑ ነው። ባቡርን የወረራ ዘመን ቃል ካልነው፣ የቀይ ባሕርን ወደቦችና በዚያ የነበረውን የረጅም ጊዜ የንግድ ግንኙነት ከቋንቋችን ታሪክ እንፍቃለን። አዲስ ነገር ሁሉ በወራሪ እጅ የመጣ ይመስለናል። ይህ ጽሑፍ የባቡርን ጉዞ ከላቲን እስከ አቃቂ ይከታተላል፤ በመንገዱም የቃሉን ድምፅ፣ ከቃሉ ጋር የተጣመረውን «ምድር» የሚለውን ስምና የጎረቤት ቋንቋዎችን አጠቃቀም በምስክርነት ይጠራል።

2. ቃሉ በአውሮፓ ልሳናት

የቃሉ ምንጭ የላቲኑ «ቫፖር» ነው። እንፋሎት፣ ትነት፣ ትኩስ ተን ማለት ነው። ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች እንደየአንደበታቸው ወርሰውታል፤ ጣሊያንኛ «ቫፖሬ»፣ ፈረንሳይኛ «ቫፐር»፣ ስፓኒሽና ፖርቱጊዝኛ «ቫፖር» ብለው ይጽፉታል። ስፓኒሾች ሲናገሩት የመጀመሪያው ድምፅ ወደ «ብ» ይጠጋል። እንግሊዝኛም ከፈረንሳይኛ ተውሶ «ቬፐር» ብሎታል። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ ለፈላ ውኃ እንፋሎት «ስቲም» የሚል የራሱ ጥንታዊ ቃል ስለነበረው፣ ውሰቱ ቃል ለቀጭኑ ትነት፣ ለጉምና ለተን ብቻ ቀረ።

ሁሉም የአውሮፓ ቋንቋዎች ግን በዚህ ቃል አልተገዙም። ጀርመንኛ እንፋሎትን «ዳምፍ» ስለሚል የእንፋሎት መርከብን «ዳምፈር» አለው። ሩስያኛም «ፓር» (እንፋሎት) ከሚለው የራሱ ቃል ተነሥቶ «በእንፋሎት የሚሄድ» የሚል ትርጉም ያለው «ፓራሖድ» የሚባል ስም ሠራ። የቃሉ ሥር ልዩ ልዩ ቢሆንም የአሰያየሙ ዘዴ አንድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቃሉ ከመርከብና ከሞተር በፊትም የራሱ ሕይወት ነበረው። በ18ኛው ምእተ ዓመት ፈረንሳዮችና እንግሊዞች በብዙ ቁጥር ሲጠሩት የሕመም ስም ነበር። የዘመኑ ሐኪሞች ከሆድ ዕቃ የሚነሣ ተን ወደ አንጎል ወጥቶ ድብርትና ራስን መሳት ያመጣል ብለው ያምኑ ስለነበር፣ በተለይ የመኳንንት ሴቶች ሲተክዙ ወይም ሲዝሉ «ተኑ ያዛት» ይባል ነበር። ሕክምናው ሲለወጥ ይህ ትርጉም ሞተ። አንድ ቃል የተመሠረተበት እምነት ወይም ዕቃ ሲጠፋ አንዳንድ ጊዜ አብሮ እንደሚጠፋ ይህ ማስረጃ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንደማይጠፋ ባቡር ራሱ ያሳየናል።

3. ከእንፋሎት ወደ መርከብ

እ.ኤ.አ. በ1807 ሮበርት ፉልተን የተባለው አሜሪካዊ በሀድሰን ወንዝ ላይ በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ ለመንገደኞች አገልግሎት አዋለ። በ1818 ደግሞ በኔፕልስ የተሠራችው «ፈርዲናንዶ ፕሪሞ» በሜዲትራንያን ባሕር ተጓዘች። ነፋስ የማይጠብቅና ሸራ የማይዘረጋ መርከብ ለወደብ ሰው ትልቅ ተአምር ስለነበር የራሱ ስም ያስፈልገው ነበር።

መጀመሪያ ስሙ ረጅም ነበር። ፈረንሳዮች «በእንፋሎት የሚሄድ ጀልባ» አሉ። ቃሉ በየቀኑ ሲነገር ግን «ጀልባ» የሚለው ወደቀና «እንፋሎት» ብቻውን ቀረ። በፈረንሳይኛ ሁለቱን የሚለየው ጾታ ነው፤ ቃሉ በአንስታይ ጾታ ሲነገር እንፋሎት፣ በተባዕታይ ጾታ ሲነገር የእንፋሎት መርከብ ይሆናል። በጣሊያንኛና በስፓኒሽም ቃሉ ከእንፋሎት ሌላ መርከብ ማለት ሆነ። ከዚያ በግሪክኛ «ቫፖሪ»፣ በቱርክኛና በማልታ ቋንቋ «ቫፑር»፣ በሩማንያኛ «ቫፖር» መርከብን ይጠሩበታል።

እዚህ ላይ አንድ የትርጉም ሕግ እናያለን። ነገሩ በሚያንቀሳቅሰው ኃይል ይሰየማል፤ ስሙ ሲለመድ ኃይሉ ይረሳል፤ ነገሩ ብቻ ይቀራል። በቬኒስ ከተማ የውኃ መንገዶች ላይ ሕዝብ የሚያመላልሱት ጀልባዎች እስከ ዛሬ «ቫፖሬቶ» ማለትም «ትንሽ እንፋሎት» ይባላሉ። የሚሄዱት ግን በሞተር ነው። የኢስታንቡል ሰውም የባሕር ወሽመጡን የሚሻገርበትን መርከብ «ቫፑር» ሲል እንፋሎትን አያስብም።

4. ቃሉ በቀይ ባሕር

የእንፋሎት መርከብ ወደ እኛ አካባቢ የመጣው ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ በብዙ አሥርተ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 «ሂዩ ሊንድሴይ» የተባለችው መርከብ ከቦምቤይ ተነሥታ በኤደን በኩል ስዊዝ ደረሰች። በ1867 እና በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ለመዝመት ዙላ ላይ ሲራገፍ የባሕሩ ዳርቻ በእንፋሎት መርከቦች ተሞልቶ ነበር፤ ጦሩም ከወደቡ ወደ መሐል አገር አጭር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ።

በእነዚህ ወደቦች ሁሉ የነጋዴው፣ የመርከበኛው፣ የሸክም ሠራተኛውና የጉምሩኩ መግባቢያ በብዛት ዐረብኛ ነበር። በምጽዋ ደግሞ የቱርክና ከ1865 ጀምሮ የግብፅ አስተዳደር ነበረ። ዐረብኛ የአውሮፓውን ቃል ተቀብሎ በሁለት መልክ ተናገረው፤ «ዋቡር» እና «ባቡር»። በግብፅ ቃሉ ከመርከብ አልፎ ለማንኛውም በእሳት ኃይል ለሚሠራ መሣሪያ ሁሉ ተሰጠ። የሐዲዱ ባቡር፣ የዱቄት ወፍጮውና በነጭ ጋዝ የሚነደው የማብሰያ ምድጃ ሁሉ «ዋቡር» ተባሉ። በሰሜን አፍሪካ ምዕራባዊ አገሮች ደግሞ ቃሉ በመርከብነቱ ጸና።

አማርኛ ቃሉን ያገኘው ከዚህ ሰፊ የወደብ ገበያ ነው። ለዚህም አንድ ጥሩ ምስክር አለ። በ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ለዳግማዊ ምኒልክ የመንገድ ሥራ የሚያገለግል በእንፋሎት የሚሄድ መዳመጫ አምጥቶ ነበር። የአዲስ አበባ ሕዝብ ይህን መሣሪያ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠራው። ሐዲድ አልነበረውም፤ የሚጎትተው ተከታታይ ሠረገላም አልነበረውም። ሆኖም ባቡር ተባለ። ይህም የሆነው ሐዲዱ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን አማርኛ ባቡር ማለት በእሳትና በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ማለት እንጂ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ብቻ ማለት አልነበረም።

5. የድምፅ ምስክርነት

አሁን ቃሉን ራሱን እንመርምር። «ቫፖሬ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል በቀጥታ ወደ አማርኛ ቢገባ ኖሮ ምን መልክ ይይዝ ነበር? በቀጥታ የገቡትን እንይ፤ ፋብሪካ፣ ጎማ፣ ፓስታ፣ ፒያሳ። እነዚህ ቃላት የመጨረሻ አናባቢያቸውን አልጣሉም፤ «ፕ» ያለባቸውም «ፕ»ን አልለወጡም። በዚህ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ቃሉ «ቫፖሬ» ወይም «ባፖሬ» ይሆን ነበር።

ባቡር ግን በአራት ነገር ይለያል። አንደኛ «ቭ» ወደ «ብ» ተለውጧል። ሁለተኛ «ፕ» ወደ «ብ» ተለውጧል። ሦስተኛ «ኦ» ወደ «ኡ» ተለውጧል። አራተኛ የመጨረሻው አናባቢ ወድቋል። መደበኛው ዐረብኛ «ቭ»ም፣ «ፕ»ም፣ «ኦ»ም የሌለው ቋንቋ ነው። ቱርክኛም ቃሉን «ቫፑር» ብሎ በ«ኡ» ይጠራዋል፤ መጨረሻውንም ያለ አናባቢ ይዘጋዋል። አራቱም ለውጦች በአንድነት ወደ ቀይ ባሕር ማዶ ይጠቁማሉ።

አንባቢ እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። አማርኛ ተናጋሪም «ቪዛ»ን «ቢዛ»፣ «ፖስታ»ን «ቦስታ» ሲል ይሰማልና፣ «ብ» የግድ የዐረብኛ ማኅተም ነው ማለት ይቻላልን? አይቻልም። «ኦ» ወደ «ኡ» መለወጡም ብቻውን አይበቃም፤ የጣሊያንኛው «ፎርኖ» በአማርኛ «ፉርኖ» ሆኗልና። ነገር ግን «ቦስታ» የሚል ሰው «ኦ»ንም የመጨረሻውን «ኣ»ንም አልነካም። «ፉርኖ» የሚል ሰውም የመጨረሻውን «ኦ» አልጣለም። እያንዳንዱ ለውጥ ብቻውን ደካማ ምስክር ነው፤ አራቱ ተስማምተው ሲመሰክሩ ግን ቃላቸው ይጸናል።

የፈረንሳይኛውስ ነገር? ሐዲዱን የዘረጋው ኩባንያ የፈረንሳዮች ስለነበር ቃሉ ከእነሱ የመጣ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፈረንሳዮች ሐዲዱን «የብረት መንገድ» እንጂ «ቫፐር» ብለው አይጠሩትም። ከእነሱ በቀጥታ የወሰድነውን ቃል ስናይም መልኩ ሌላ ነው፤ «ላ ጋር» (ጣቢያው) የሚለው ከነመስተአምሩ ተጣብቆ «ለገሃር» ሆኗል።

ባቡር በዚህ መንገድ ብቻውን አልመጣም። «ኮምፓኛ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል በአማርኛ «ኩባንያ» ነው፤ እዚህም «ፕ» ወደ «ብ»፣ «ኦ» ወደ «ኡ» ተለውጠዋል። «ላምፓ» የሚለው የአውሮፓ የመብራት ስም በዐረብኛ «ላምባ» ሆኖ፣ በአማርኛ ደግሞ በመብራቱ ውስጥ የሚነደው ዘይት ስም ሆነ። «ታቮላ» የሚለው «ጣውላ» ሲሆን «ቭ» ወደ «ው» ተለውጧል፤ ዐረብኛው «ጣውላ»ም ይህንኑ ድምፅ ይዟል። «ጠ» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጥንት በግዕዝ ትርጉሞች የግሪኩ «ት» በ«ጠ» ይጻፍ ስለነበር «ጴጥሮስ» እንላለን። የ«ጠ»ና የ«ው» መገናኘት ግን መንገዱን ያሳያል። ወልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1957 በአማርኛ ውስጥ ስለሚገኙ የዐረብኛ ውሰት ቃላት ያቀረበው ጥናት የዚህን በር ስፋት ለማየት ለተማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

6. «ምድር» ለምን አስፈለገ?

ሁለተኛው ምስክር በየቀኑ የምንጠራው፣ ነገር ግን የማንሰማው ቃል ነው። አማርኛ ለምን «ምድር ባቡር» ይላል? ባቡር ከመጀመሪያው በምድር ላይ ብቻ የሚሄድ ነገር ቢሆን ኖሮ «ምድር» የሚለው ትርፍ ይሆን ነበር። «የምድር ፈረስ»፣ «የምድር ጋሪ» የሚል የለም። መለያ የሚጨመረው መለየት ሲያስፈልግ ብቻ ነው። የእጅ ስልክ እስኪመጣ ድረስ «የመስመር ስልክ» የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስልክ ስልክ ነበረ። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው መለያ ፈለገ።

«ምድር ባቡር» የሚለው ጥምር ስም እንግዲህ «የባሕሩ ሳይሆን የምድሩ» የሚል ትርጉም በውስጡ ደብቋል። ይህን የሚያጸናው የዐረብኛው አጠቃቀም ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት ዐረብኛ የእንፋሎት መርከብ «ባቡር አልባሕር»፣ የሐዲዱ ደግሞ «ባቡር አልበር» ይባል ነበር፤ «አልበር» የብስ፣ ምድር ማለት ነው። «ምድር ባቡር» ይህንኑ አሰያየም በአማርኛ ያስቀመጠ ነው። ስሙ ከወደብ እንጂ ከጣቢያ አልተወለደም። ባሕሩ ከእኛ ንግግር ሲርቅ የባሕሩ ባቡር ተረሳ፤ «ምድር» የሚለው መለያ ግን ተቃራኒውን አጥቶ ለብቻው ቆሞ ቀረ።

በሐዲዱ ስምም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ጣሊያንኛ የሐዲዱን መንገድ «የብረት መንገድ» ይሉታል። ዐረብኛ ይህንኑ በራሱ ቃላት ተርጉሞ «ሲከት ሐዲድ» አለ፤ «ሐዲድ» በዐረብኛ ብረት ነው። አማርኛ «መንገድ» የሚለውን ትቶ «ሐዲድ» የሚለውን ብቻ ወሰደና የተዘረጋው ብረት ስም አደረገው። ስለዚህ «የባቡር ሐዲድ» ስንል፣ ሁለቱንም ቃላት ወደ ሥራቸው ብንመልሳቸው «የእንፋሎት ብረት» እንደማለት ነው። ሁለቱም የአውሮፓን አሳብ የያዙ፣ ሁለቱም በዐረብኛ በር ያለፉ ናቸው።

7. አንድ መስመር፣ ልዩ ልዩ ትርጉም

ዳግማዊ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥቶ ከወደቀ በኋላ በ1908 የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ሥራውን ቀጠለና፣ 784 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መስመር በ1917 አዲስ አበባ ላይ ተፈጸመ።

ይህ መስመር የሚያልፍባቸው ሕዝቦች ቃሉን በየራሳቸው መንገድ ያዙት። በሶማሊኛ «ባቡር» መኪና ነው፤ ተሳቢ የጭነት መኪናም፣ የቤት መኪናም ባቡር ይባላል። በኦሮምኛ «ባቡራ» የሐዲዱ ባቡር ሲሆን የእህል ወፍጮም በዚሁ ስም ይጠራል። በአማርኛና በትግርኛ ባቡር የሐዲዱ ነው። እንግዲህ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ አቃቂ የሚመጣ መንገደኛ አንዱን ቃል ሳይጥል ሦስት ልዩ ልዩ ነገር ሊጠራበት ይችላል። ከአማርኛ ትርጉም ብቻ ተነሥተን ብናስብ የሶማሊኛው እንግዳ ይመስለናል። መካከለኛው ትርጉም «በእሳት የሚሠራ መሣሪያ» መሆኑን ካወቅን ግን ሦስቱም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች መሆናቸው ይታያል። መኪናውም፣ ወፍጮውም፣ የሐዲዱ ባቡርም መሣሪያዎች ናቸው። ስዋሂሊ በሌላ መንገድ ሄዶ ባቡሩን «የጭስ ጋሪ» ብሎ ሰይሞታል፤ ጭሱን ያየ እንደ ጭሱ፣ የመርከበኛውን ቃል የሰማ እንደ ሰማው ሰየመ።

የጎረቤት ቋንቋዎች ምስክርነት ሌላም ጥቅም አለው። ጣሊያኖች ያልገዟት ግብፅና በወረራው ያልተያዘችው ጅቡቲ ሳይቀሩ ይህንኑ መልክ የሚናገሩ ከሆነ፣ የእኛን ብቻ ከአምስቱ ዓመት ጋር ማያያዝ አይቻልም። የወረራው ዘመን የባቡር ቃል ከተፈለገ «ሊቶሪና» አለ። ይህ በናፍጣ ይሄድ የነበረ ፈጣን ባቡር ስሙን ያገኘው ፋሽስቶች ከመሠረቷት ከሊቶሪያ ከተማ ነው፤ በጣሊያንኛ መልኩ፣ ከመጨረሻ አናባቢው ጋር ገባ። ዛሬ ከሽማግሌዎች በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው። ዕቃው ሲጠፋ ቃሉም ጠፋ።

8. ለንጽጽር፦ ፋብሪካ

የአቃቂን ሁለተኛ ቃል አሁን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በላቲን «ፋበር» አንጥረኛ፣ ባለ እጅ ነው፤ «ፋብሪካ» ደግሞ የአንጥረኛው ሥራና የሚሠራበት ቤት ነው። ጣሊያንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ሩስያኛና ቱርክኛ ሁሉም በየአነጋገራቸው ይህን ቃል ለማምረቻ ድርጅት ይጠቀሙበታል። እንግሊዝኛ ብቻ ከመንገድ ወጥቶ «ፋብሪክ» ሲል ጨርቅ ማለቱ ነው። በአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይህ የአንድ ላቲን ቃል ሁለት ልጆች በአንድ ግቢ ይገናኛሉ ማለት ይቻላል፤ አንዱ በሩ ላይ ተጽፎ፣ ሌላው ከመሣሪያው ላይ ተጠቅልሎ።

በአማርኛ የፋብሪካና የባቡር ዕድል አንድ አልሆነም። ባቡር መንገዱ ረጅም ቢሆንም ስም ሆኖ ቀረ፤ ግስ አልወጣለትም። ፋብሪካ ግን መልኩን ሳይለውጥ ገብቶ፣ ከገባ በኋላ የአማርኛን ሰዋስው ለበሰ። አናባቢዎቹ ተገፈው ፈ-በ-ረ-ከ የሚሉ አራት ተናባቢዎች ቀሩና እንደ «መሰከረ» እና እንደ «ደነገጠ» የሚረባ ግስ ተፈጠረ፤ ፈበረከ፣ ይፈበርካል፣ መፈብረክ፣ ፍብረካ። ከዚያም አልፎ «የተፈበረከ ወሬ» ስንል ሐሰት ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛም ከዚሁ ሥር የወጣው ግስ መሥራትንም መዋሸትንም ያመለክታል። አንድ ውሰት ቃል ቤተኛ የሚሆነው በመቆየቱ ብዛት ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል። አንዱ በድምፁ ይለመዳል፣ ሌላው በርባታው።

9. እንፋሎት የሌለው ባቡር

በ20ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ በጅቡቲው መስመር ላይ የእንፋሎት ባቡሮች በናፍጣ በሚሠሩ ተተኩ። ባቡር «እንፋሎት»ነቱን በይፋ የጣለው ያን ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ስሙን ለመለወጥ ያሰበ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአዲስ አበባ ከተማ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲጀመር የሰሜን ደቡቡ መስመር መድረሻ ቃሊቲ ሆነ። በ2016 ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ጅቡቲ ተመረቀ፤ የንግድ አገልግሎቱም በ2018 ተጀመረ። የከተማው «ቀላል ባቡር» ተብሎ ሲሰየም «ምድር» የሚለው መለያ አላስፈለገም፤ ባቡር በባሕር ላይ ይሄዳል ብሎ የሚጠራጠር የለምና። ስለዚህ ቃሉ በአቃቂ ቃሊቲ ሁለት ነገሮችን አራግፏል፤ መጀመሪያ ባሕሩን፣ ቀጥሎ እንፋሎቱን።

ይህን አይቶ «እንግዲህ ቃሉ ስሕተት ሆኗል፤ ባቡር ማለት እንፋሎት ስለሆነ ለኤሌክትሪኩ ሌላ ስም ይፈለግ» የሚል ሰው ቢነሣ ምን እንመልሳለን? ስልክን እናሳየዋለን። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ ሁላችንም ያለ ሽቦ የሚሠራ ሽቦ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን፤ ያስቸገረን ግን የለም። የቃል ሥር የቃል ትርጉም ዳኛ አይደለም። ሥሩ የሚነግረን ቃሉ የት እንደነበረ ነው፤ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ተናጋሪው ነው። የሥርወ ቃል ጥናት የታሪክ ጥናት እንጂ የእርማት ዱላ አለመሆኑን ተማሪ ከመጀመሪያው ሊይዘው ይገባል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ። የሞጎል መንግሥት መሥራች የሆነው የ16ኛው ምእተ ዓመት ንጉሥ ስሙ «ባቡር» ነው። ድምፁ ከእኛው ባቡር ጋር አንድ ቢሆንም ዝምድና የላቸውም፤ የእሱ ስም ከመርከብ በፊት የነበረ፣ ከምሥራቅ የመጣ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም። የድምፅ ለውጡ፣ የትርጉሙ ጉዞና የሰዎቹ ግንኙነት ሦስቱም ሲገጥሙ ብቻ ነው ዝምድና የሚባለው።

10. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ባቡር በሥሩ የላቲን፣ በመልኩ የቀይ ባሕር፣ በዛሬ ትርጉሙ ደግሞ የአማርኛ ቃል ነው። «ከጣሊያንኛ ነው» ማለት የመጀመሪያውን በከፊል ነክቶ ሁለቱን መዝለል ነው። ሁለተኛ፣ ከዚያው ከላቲን ግንድ የወጣው ፋብሪካ የጣሊያንኛ መልኩን እንደያዘ ወደዚያው ሰፈር መምጣቱ፣ አንድ ምንጭ ያላቸው ቃላት በአንድ በር እንደማይገቡ ያሳያል። ሦስተኛ፣ ቃላት ያለፉበትን መንገድ ሙሉ በሙሉ አይደብቁም። ባቡር በሁለቱ «ብ»ዎቹና በ«ኡ»ው፣ ምድር ባቡር በመለያው፣ ሐዲድ በብረትነቱ ምልክት ትተዋል።

የውሰት ቃላትን የሚያጠና ተማሪ እንግዲህ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስቀድም ይጠቀማል። ቃሉ ከጣለውና ከለወጠው ድምፅ ማን እንደነካው ይታወቃልን? ዛሬ ትርፍ የሚመስል መለያ ከጎኑ አለን? ጎረቤቶቻችን ይህንኑ ቃል ለምን ነገር ይጠሩበታል? ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ መጽሐፍ ቤት ብቻም አይመለሱም። የጅቡቲው ነጋዴ፣ የድሬዳዋው የሐዲድ ሠራተኛ፣ የአቃቂው ወፍጮ ቤት ባለቤት፣ የቃሊቲው መንገደኛ ሁሉ የሚያውቁት አላቸው። አሮጌውን መስመር የሚያውቁ ሠራተኞች በዕድሜ እየሄዱ ነው፤ የመሣሪያዎቹን፣ የሥራ ክፍሎቹንና የጣቢያዎቹን ስሞች ከፈረንሳይኛ፣ ከዐረብኛና ከጣሊያንኛ ወስደው በአማርኛና በኦሮምኛ አንደበት የቀረጿቸው እነሱ ናቸው። እነዚያ ቃላት ሳይጻፉ ቢቀሩ እንደ ሊቶሪና ከዕቃቸው ጋር ይጠፋሉ።